ሮቢት ላይ ውረዱ!

ከአዲስ አበባ ደሴ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ሸዋ ሮቢትን አውቃታለሁ ይላል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ያልፋል፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፣ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጋቢውን ያወልቃል፣ ሮቢት ሲደርስ ላቡን እየጠረገ ምሳ ይበላል። ከዚያ ረዳቱ «ሳበው!» ይላል፤ አለቀ። ምን ዓይነት ብክነት ነው ጃል!

እኔ ዘንድሮ ወርጄ ቀረሁ። ገበያው ውስጥ ማሾው በጆንያ፣ ሽንኩርቱ በክምር፣ ማንጎና ፓፓያው በየመደቡ ተዘርግቷል። አንዲት እናት ማሾ ከምትሰፍርላቸው ነጋዴ ጋር ያወራሉ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አማርኛ ነው። ኧረ አይደለም! ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ ሊገባኝ ሲል ያመልጠኛል።

«እማማ፣ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?»

ሳቁብኝ። «አርጎብኛ ነዋ ልጄ! አማርኛ ብቻ ያለ መስሎህ ነው?»

የተወለዱት ከከሚሴ በላይ፣ ሾንኬ ነው፤ ሮቢት የመጡት ዘመድ ጥየቃ ነው። አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ከዋጣቸው የጉሮሮ ድምፆች አንዳንዶቹን እስካሁን ይዟቸዋል። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ አርጎባ ነኝ ያለው ከ62 ሺህ በላይ ሲሆን፣ አርጎብኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ግን ወደ 11 ሺህ ብቻ ነበር። ሮቢት ባለችበት በይፋት ብዙው ወደ አማርኛ ዞሯል። ሾንኬን በመሳሰሉ፣ ከገደል ራስ ላይ በድንጋይ በተካቡ መንደሮች ግን ቋንቋው ዛሬም የቤት ቋንቋ ነው። በጀልባ ብሪታንያን የሚዞሩ መንገደኞች የዌልስ ወደብ ካርናርቨን ላይ መልሕቅ ጥለው፣ ባለሱቁ በዌልሽኛ ሲያወራ ሰምተው ተደንቀው ይመለሳሉ። እኛ ለዚህ ዓይነቱ ደስታ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ የአውቶብስ ትኬት ይበቃል!

ወደብ ካላችሁም ይፋት የበረሃ ወደብ ነበረች። ከታጁራ የተነሳ የግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጨውን የሚያራግፈው ከአንኮበር በታች ነበር። አልዩ አምባ የዓርብ ገበያዋን አቁማ ትጠብቀዋለች፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራው እዚያ ይገናኛል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የመጣው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርልስ ጆንስተን አልዩ አምባ ከርሞ ስለ እሷ በመጽሐፉ ጽፏል። (ነገሩን አላሳምረው፤ በዚያው መንገድ ባሪያም ይነዳ ነበር።)

አፌን ያስከፈተኝ ግን ፍርስራሹ ነው። አስበሪ፣ ኖራ፣ መሳል! እነዚህን ስሞች ትምህርት ቤት ማን ነገረን? የመካከለኛው ዘመን የይፋት ከተሞች ናቸው፤ ቤታቸው፣ መንገዳቸው፣ መስጊዳቸው በድንጋይ የተሠራ። ይፋትን የገዙት የወላስማ ሡልጣኖች እስከ ዘይላ ወደብ የሚያዙት፣ በ1332 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጋር የተዋጉት ከዚህ ተነሥተው ነው። በካይሮ የነበረው አል ዑመሪ በዚያው ክፍለ ዘመን ስለዚህች አገር ሲጽፍ ጫቷን እንኳ አልዘነጋም! የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶችና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር አህመድ ሐሰን ዑመር ከተሞቹን ለዓለም ያስተዋወቁት ገና በቅርቡ ነው። የአካባቢው አርጎባ ግን ቦታውን መቼም አልረሳውም።

ኖራ መስጊድ ፊት ቆሜ ሚህራቡን ሳይ ቃል አጣሁ። ያለ አንዲት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ስንት መቶ ዓመት! ጥበቃ የለው፣ ትኬት ቆራጭ የለው፣ ከሥሩ ማሽላ ተዘርቷል። ላሊበላና ጎንደር ይገባቸዋል፣ አልከራከርም፤ ግን ይህን ያላየ ሰው ሰሜን ሸዋን አየሁ ሊል አይገባም ባይ ነኝ።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በሌላው ወቅት ቆላው ይጠብሳል። ኮፍያና በቂ ውኃ ያዙ። ያለ አካባቢው ሰው ግን አትሂዱ፤ መንገዱም ይጠፋችኋል፣ ነውርም ነው። መንደር ስትገቡ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዱ፣ መስጊድ ስትደርሱ ጫማችሁን አውልቁ፤ ከፍርስራሹም አንዲት ድንጋይ አታንሱ።