የአሊፍ ባ ጨዋታ ሲመዘን

ለልጅ የዐረብኛ ፊደል ማስተማሪያ ጨዋታ ሲገዛ ብዙ ሰው ቀለሙንና የእንጨቱን ጥራት ያያል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ልጁ ፊደሉን ሳያስተውል ማሸነፍ ይችላል ወይ? ከቻለ ተጫወተ እንጂ አልተማረም።

በየሱቁ ያለውን ባለ ጉድጓድ የእንጨት ሰሌዳ ተመልከቱ። አሊፍ ቀይ ነው፣ ባ ሰማያዊ፣ ታ አረንጓዴ። ልጁ ሁሉንም ቶሎ በየቦታው ይከታል፤ ወላጅም ደስ ይለዋል። ያንኑ ፊደል በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጠይቁት። ዝም ካለ የያዘው ቀለሙን ነው።

ከ28ቱ የዐረብኛ ፊደላት 15ቱ ነጥብ አላቸው። ባ፣ ታ እና ሣ አካላቸው አንድ ሆኖ የሚለዩት በነጥብ ብቻ ነው፤ ባ ከሥር አንድ፣ ታ ከላይ ሁለት፣ ሣ ከላይ ሦስት። ስለዚህ ጥሩ ሥራ ነጥቡን ነቅሎ በልጁ እጅ ላይ ያኖረዋል። እኔ የምወደው ገንዘብ የማይጠይቀውን ነው፤ ከወፍራም ካርቶን እንደ ታንኳ የተቆረጠ አንድ አካልና ጥቂት ሽምብራ። ልጁ አንዷን ከሥር አስቀምጦ «ባ» ይላል። ወደ ላይ አውጥቶ ሌላ ሲጨምርባት «ታ»፣ ሦስተኛዋ ስትመጣ «ሣ»። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ለሚከት ሕፃን በሽምብራው ፈንታ አፉ ውስጥ የማይገባ ትልቅ ክዳን ይሁን።

የተካነ ሠሪ እዚህ አይቆምም። እነዚህ ፊደላት በቃል መጀመሪያ ሲመጡ አካላቸው አጥሮ አንዲት ጥርስ ትቀራለች። ያቺው ጥርስ ከላይ አንድ ነጥብ ሲሰጧት ኑን፣ ከሥር ሁለት ሲሰጧት ያ ትሆናለች። በአንዲት ቁራጭ ካርቶን አምስት ፊደል! ይህን ያሰበበት ጨዋታ ሳይ ከጀርባው ልጅ ያስተማረ ሰው እንዳለ ይገባኛል።

ቀጥሎ የምፈትነው መያያዙን ነው። የእኛ ፊደል የትም ቢገባ መልኩን አይለውጥም፤ በሀ ሁ የጀመረ ልጅም ከዐረብኛው ያንኑ ይጠብቃል። ዐረብኛው ግን እንደ ቦታው ይለዋወጣል፤ አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ እና ዋው ደግሞ ከሚከተላቸው ፊደል ጋር አይያያዙም። ፍሪጅ ላይ በሚለጠፉት ባለ ማግኔት ፊደሎች «ባብ» ብላችሁ ለመጻፍ ሞክሩ፤ በር ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ባ አጥራ ከአሊፍ ጋር ትያያዛለች። አሊፍ ወደ ግራው ስለማይያያዝ የመጨረሻዋ ባ ሙሉ አካሏን ይዛ ለብቻዋ ትቆማለች። ሦስት ሙሉ ፊደል ከመደርደር በቀር ሌላ የማያስችል መጫወቻ ቃሉን አበላሽቶ ነው የሚያስተምረው። ፊደሉ ተበታትኖ ከግራ ወደ ቀኝ የታተመ ፖስተርማ ጨርሶ ግድግዳ ላይ አይሰቀል።

ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ቤት የጀመረው ትምህርት ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደሎችን አስለምዷል፤ ልጁ በጣቱ እየዳሰሰ ይከተላቸዋል። በዐረብኛ ሲሠሩ ጣቱ ከየት እንደሚነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ነጥቡም በመጨረሻ እንደሚመጣ የሚያሳይ ምልክት ካላቸው ጥሩ ናቸው። አሸዋ የሞላበት ትሪም በእኔ ሚዛን ከእነሱ አያንስም። ቁርኣን ቤት በሉሕ የተማረ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ እንጨቱ ላይ ይጻፋል፣ ይቀራል፣ ታጥቦ እንደገና ይጻፋል።

ድምፅ ያለው መጫወቻ ከሆነ ሓን፣ ኻን እና ሃን ተራ በተራ ተጫኑ። በአማርኛ ሀ እና ሐ በአፋችን አንድ ስለሆኑ የልጃችን ጆሮ ከሌላው ይልቅ እዚህ ላይ እርዳታ ይፈልጋል። ሦስቱ ከተመሳሰሉ አትግዙት። ሐሰንን፣ ኸዲጃን እና ሃሩንን በየስማቸው የመጀመሪያ ፊደል እያስነሣ የሚያጫውት ኡስታዝ የተሻለ ነገር ይዟል።

ሥዕሉም ይታሰብበት። ባን ለማስተማር «በቀራ» ተብሎ ላም የተሣለበት ካርድ ዐረብ ቤት ይሠራል። የእኛ ልጅ ግን ሥዕሉን አይቶ «ላም!» ይላል፤ ላም ደግሞ ራሱ ሌላ የዐረብኛ ፊደል ነው። አማርኛ ለሚናገሩ ልጆች ካርድ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ በሁለቱም ቋንቋ ስሙ የተቀራረበውን ነገር ሣሉ፤ ለሚም ሙዝ፣ ለዛይ ዘይት፣ ለባ ቤት።