ድፍረት ግፊትን አይቀንስም

ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ጆሯችሁ ድፍን ይላል አይደል? ሆጤ እስክትደርሱ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ የአየሩ ግፊት ደግሞ ይቀንሳል። ይሄ ለውጥ በውሃ ቢለካ ከግማሽ ሜትር ጥልቀት ብዙም አይበልጥም። እስቲ አሁን 70 ሜትር አስቡ።

የሮበርት ከርሰን «ሻዶው ዳይቨርስ» (2004 እ.ኤ.አ.) የሚተርከው ስለዚያ ጥልቀት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ጠላቂዎች ከአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ጠረፍ ርቀው፣ በቀዝቃዛና ጨለማ የባሕር ወለል ላይ አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አገኙ። ዩ-869 መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ነው። በመሃል ሦስት ጠላቂዎች ሞቱ፤ ሁለቱ አባትና ልጅ ነበሩ።

መጽሐፉ ልብ ሰቃይ ነው፤ ከጀመራችሁት አታስቀምጡትም። ናይትሮጅን በጥልቀት ላይ እንደ መጠጥ አእምሮ እንደሚያደነዝዝም ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። ቅሬታዬ ሚዛኑ ላይ ነው። ትረካው የሚነዳው በወኔ ስለሆነ፣ የተረፈው ሰው የተረፈው ጎበዝ ስለነበረ ይመስላል። ነገሩ ግን ሒሳብ ነው። 70 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ገጽ ስምንት እጥፍ ነው። በዚያ ግፊት ሰውነት ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን፣ ጠላቂው ቶሎ ከወጣ፣ በድንገት እንደተከፈተ የአምቦ ውሃ አረፋ ይሆናል። አባትና ልጁ፣ ልጁ መርከቡ ውስጥ ተይዞ ከቆየ በኋላ፣ በየደረጃው ሳያርፉ በቀጥታ ወጡ። ወኔማ አልጎደላቸውም።

ታዲያ ይሄ ለእኛ ምናችን ነው? እዚሁ አጠገባችን ያለው የሐይቅ ከተማው ሎጎ ሐይቅ 80 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። በከፍታው ምክንያት ገጹ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር የተሠራ የመውጫ ሰንጠረዥ እዚህ እንዳለ አይሠራም፤ የዕረፍቱ ጊዜ መርዘም አለበት። ጠላቂው ከውሃ እንደወጣ ወዲያው መኪና ይዞ ወደ ደሴ ሽቅብ ከነዳ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ ሆጤ ከሐይቁ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ትላለችና።

መጽሐፉን አንብቡት፣ ለልጆቻችሁም ስጧቸው። ግን ማን ደፈረ ከሚለው ይልቅ፣ ማን ገመዱን ይዞ ሰዓቱ እስኪሞላ ጠበቀ የሚለውን እንዲከታተሉ ንገሯቸው።