ጣት ሲነሣ

ኦርጋንን ከፒያኖ የሚለየው ትልቁ ነገር ቁልፉ የጣትን ጉልበት አለመስማቱ ነው። ፒያኖ በቀስታ ለነካው ለስላሳ ድምፅ ይሰጣል፤ አጥብቆ ለመታው ብርቱ ድምፅ ያወጣል። ኦርጋን ግን ቢደበድቡትም ቢዳስሱትም የሚመልሰው ያንኑ ድምፅ ነው፤ ጣት እስኪነሣ ድረስም ድምፁ አይደክምም። በዚህ መሣሪያ ብሉዝ ሮክ ለመማር የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። ጊታሪስቱ ክሩን ሲጎትተው ኖታው ያለቅሳል፣ ሲነቀንቀው ይንቀጠቀጣል፤ ኦርጋኒስቱ ግን አንድ ጊዜ ቁልፉን ከተጫነ በኋላ በኖታው ላይ ሥልጣን የሌለው ይመስላል። እኔ የምለው ሥልጣኑ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ሙዚቀኞች ሊክ የሚሉት ያ አጭር የዜማ ሐረግ ኦርጋን ላይ ሕይወት የሚዘራው ጣት ከቁልፉ ሲነሣ ነው፤ መቼ እንደሚነሣ የሚያውቀው ደግሞ ከጣት ይልቅ ጉሮሮ ነው። ስለዚህ ሊክ መጀመሪያ በአፍ ይዜማል፣ ቀጥሎ ወደ ጣት ይወርዳል። ይህን የመማሪያ መንገድ ለማግኘት ጉለሌ ላይ ያደገ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም።

ሥልጣኑ በጣት አነሣሥ ላይ ለመሆኑ ማስረጃው መሣሪያው ሆድ ውስጥ አለ። አሜሪካዊው ሎረንስ ሃሞንድ የኤሌክትሪክ ኦርጋኑን እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ ሲያወጣ፣ በገዢነት ካሰባቸው መካከል የቧንቧ ኦርጋን ለመግዛት አቅም የሌላቸው አብያተ ክርስቲያናት ነበሩበት። በመሣሪያው ውስጥ በሞተር ኃይል ሳያቋርጡ የሚዞሩ የብረት ጎማዎች አሉ። ቁልፍ መጫን ማለት ቀድሞውኑ እየተፈጠረ ላለ ድምፅ በር መክፈት ነው፤ ማንሣት ደግሞ በሩን መዝጋት። በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ ከሚገናኝበት ቦታ «ጠቅ» የምትል ትንሽ ድምፅ ትሰማለች። መሐንዲሶቹ እንደ እንከን ቆጥረው ሊያጠፏት ደክመዋል፤ የጃዝና የብሉዝ ተጫዋቾች ግን ወደዷት፣ ለኖታው ጥርስ ሆነችላቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጣው ቢ-3 ሞዴል ደግሞ ፐርከሽን የሚባል ነገር ይዞ መጣ፤ ኖታው ሲጀምር አንድ አጭር፣ ደወል መሰል ምት ይጨመርና ወዲያው ይከስማል። ይህ ምት የሚሰማው ቁልፎቹ ሁሉ ከተለቀቁ በኋላ በሚመጣው ኖታ ላይ ብቻ ነው። አንድ ጣት እንኳ ተኝቶ ከቀረ ቀጣዩ ኖታ ያለ ምት ራቁቱን ይወጣል። እንግዲህ አምስት ኖታ ባለው ሊክ ውስጥ የትኛው እንደሚደምቅ፣ የትኛው ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ እንደሚፈስ የሚወስነው የጣት አነሣሥ ነው ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ያንኑ አምስት ኖታ በዚያው ፍጥነት ተጫውተው አንዱ ሲናገር ሌላው ሲንተባተብ የምንሰማው ለዚህ ነው።

የዘርፉ ታላላቅ ቀረጻዎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ቡከር ቲ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1962 «ግሪን አንየንስ»ን ሲቀርጽ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ የተጫወተበትም ኤም-3 የተባለው አነስተኛው ሃሞንድ ነው። ያን ሥራ በጥሞና ያዳመጠ ሰው የሚገርመው የኖታው ማነስ ነው። ሐረጉ አጭር፣ ቁርጥ ያለ፤ ከዚያ ቦታ ለቅቆ ሌሎቹን የሚያሰማ። የሮክ ባንዱ የዲፕ ፐርፕል ኦርጋኒስት ጆን ሎርድ በበኩሉ ሃሞንዱን በማርሻል የጊታር ማጉያ አሳልፎ እንደ ጊታር አስጮኸው። ድምፁ በዚህ መንገድ በሻከረ ቁጥር የተደራረቡ ኖታዎች ጭቃ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ጉልበት በጨመረበት ቦታ የጣት ንጽሕና ይበልጥ ይጠየቃል እንጂ አይቀንስም። የሙዚቃው ቅርጽም ቢሆን ለዝምታ ቦታ የተወ ነው። የተለመደው የብሉዝ ግጥም ሦስት ስንኝ አለው፤ አንዱ ይባላል፣ ያው ይደገማል፣ ሦስተኛው መልስ ይሰጣል። እያንዳንዱ ስንኝ አራት ባር ቢመደብለትም ድምፃዊው የሚይዘው ግማሽ ያህሉን ነው፤ የቀረው የመሣሪያው ድርሻ ነው። ሊክ የተወለደው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። አዝማሪ ስንኙን ጥሎ ሲያበቃ መሲንቆው እንዴት እንደሚቀበለው ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ አስተማሪ አይሻም። መልስ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ሲጨርስ ይጨርሳል፤ በሌላው ቃል ላይ ተደርቦ አይናገርም።

ለኛ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ልዩ ወጥመድ አለ። ከዶ ተነሥተን ባቲ ማይነር የተባለውን ቅኝታችንን ብንቃኝ የምናገኘው ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ሲ ፍላት ነው። የብሉዝና የሮክ ሰዎች ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉትም እነዚህኑ አምስቱን ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ባቲን የሚያውቅ ብሉዝን ያውቃል፤ ምን ልማር?» የሚል አለ። ሐሳቡ ውሸት አይደለም፣ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። በባቲ ሚ ፍላት በገዛ ቤቷ ያለች ኖታ ናት፤ ቆመው ቢያድሩባት አታስቸግርም። በብሉዝ ግን ከሥሯ ብዙ ጊዜ ሚ እና ሲ ፍላት ያሉበት ኮርድ ይጫወታል፤ ስለዚህ ከኮርዱ ጋር ትጋፋለች፣ ወደ ሚ ልትገባ ትገፋለች፣ ሳትገባም ትመለሳለች። የብሉዝ ሕመም ያለው በዚያ ግማሽ ድምፅ መካከል ነው። ጊታሪስቱ ክር ጎትቶ የሚደርስበትን ይህን ቦታ ኦርጋኒስቱ በራሱ መንገድ ይደርስበታል፤ ሚ ፍላት ጥቁር ቁልፍ፣ ሚ ነጭ ቁልፍ ስለሆኑ ያው አንዱ ጣት ጥቁሩን ለቅጽበት ነክቶ ነጩ ላይ ይንሸራተታል። ጥቁሩ ላይ ትንሽ ከዘገየ ስሕተት ይመስላል፤ ፈጥኖ ከለቀቀ ልቅሶ ይሆናል። በፋና በሶል መካከል የምትገኘው ሶል ፍላትም ባቲ ማይነር ውስጥ የለችም፤ ብሉዝ ያልፍባታል። ምቱም እንዲሁ ነው። የኛ ችክችካም የብሉዝ ሻፍልም በሦስት የሚከፈል ምት አላቸው፣ ነገር ግን የብሉዝ ሮክ ከበሮ ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት አጥብቆ ስለሚመታ ሊኩ የሚደገፍበት ግድግዳ ሌላ ነው። ባቲን የሚያውቅ ልጅ ኖታዎቹን በነጻ አግኝቷል፤ የሚቀረው መቼ እንደሚለቃቸው መማር ነው። ሊኩን የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ ባቲን ማወቁ አይደለም፤ በባቲ ልማድ በእያንዳንዱ ኖታ ላይ ተደላድሎ መቀመጡ ነው።

ይህን አነሣሥ የተጻፈ ኖታ ብቻውን አያስተምርም። ወረቀቱ ድምፁ የት እንደሚጀምር በጥሩ ሁኔታ ይናገራል፤ እንዴት እንደሚያልቅ ግን ነጥብና መስመር ጥሎ ያልፋል። እኛ ግን ሐረግን እንዳለ፣ ከነአያያዙና ከነአለቃቀቁ የሚያስተምር ጥንታዊ ሥርዓት አለን። ከጉለሌ ሰፈሮች በላይ በእንጦጦ ተራራ፣ በራጉኤልና በማርያም፣ እንደ ሌሎቹ አድባራት ሁሉ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ይዜማል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት የሚነገረው የድጓ ምልክት የአንዲት ኖታን ከፍታ አይለካም። ከአንድ ቃል የተወሰዱ አንድ ወይም ሁለት ፊደላት ሆነው ከቃሉ ራስ ላይ ይጻፋሉ፤ የሚያስታውሱትም ያ ቃል የሚዜምበትን ሙሉ ሐረግ ነው። ከነሱ ሌላ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ጭረት የመሳሰሉ ምልክቶች አሉ፤ ስማቸው ብቻ ድምፅ እንዴት እንደሚሄድ፣ እንዴት እንደሚርገበገብ፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ ይናገራል። የዜማ ተማሪ ሐረጉን ከየኔታ አፍ ተቀብሎ በቃሉ ይይዛል፤ ምልክቱ የያዘውን ያስታውሰዋል እንጂ ያልያዘውን አይሰጠውም። ሊክ የሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ሥርዓት የት ያገኛል? እኔ አላውቅለትም።

ይህን ንጽጽር የማይወዱ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቅሬታቸውም ክብደት አለው። ያሬዳዊ ዜማ ጸሎት ነው፤ ብሉዝ ሮክ የመድረክና የመሸታ ቤት ሙዚቃ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ዜማውን ማቅለል ይመስላል። ድጓን ኦርጋን ላይ ተለማመዱበት አላልኩም፣ አልልምም። የማነጻጽረው የመማሪያውን መንገድ ነው፦ ከአፍ ተቀብሎ፣ በድምፅ አጽንቶ፣ ሐረግን ሳይበጣጥሱ መያዝን። ይህ መንገድ የአገሪቱ የትምህርት ሀብት ነው፤ ግብርናም ሆነ ሕክምና የሚማር ሰው ከቃል ትምህርት ትዕግሥትን ቢወስድ ዜማው አይጎድልበትም። ለነገሩ ሃሞንድ ራሱ ወደ ብሉዝ የመጣው ከሩቅ ዓለም አይደለም። የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት መሣሪያውን የራሳቸው አድርገውታል፤ በሰባኪውና በኦርጋኑ መካከል የሚሰማው መመላለስና በብሉዝ ድምፃዊና በመሣሪያው መካከል ያለው መመላለስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ዝምታን በተመለከተ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ ወረድ ብሎ የሸማኔዎቹ ሰፈር ሽሮ ሜዳ አለ። የነጠላ ጥበብ ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ ሰፊው መሐል ነጭ ሸማ ነው። ሸማኔው ጥበቡን ክር በክር ቆጥሮ ያስገባል፤ መሐሉንም በጥበብ ቢሞላው ነጠላነቱ ቀርቶ ሌላ ጨርቅ ይሆናል። ኦርጋን ላይ ሊክ በሊክ የሚደራርብ ወጣት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

«የራሳችን ሙዚቃ ሞልቶ የሰው ሊክ ምን ያደርግልናል?» ለሚለው የኃይሉ መርጊያ ሥራ መልስ ነው። ደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ ሙዚቃን የጀመረው በአኮርዲዮን ነው፤ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት ከነበረው ዋልያስ ባንድ ጋር ኦርጋን ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን «ቼ በለው»ን ስሙት። የፈንክና የሶል ምት አለበት፣ ዜማው ግን የኛ ነው፤ የድምፃዊውን ቦታ የያዘው ኦርጋን ነው። አኮርዲዮን ወናፍ ያለው መሣሪያ ነው፤ ወናፉ ሲቆም ድምፁ ይቆማል፣ ስለዚህ ተጫዋቹ ሳይወድ በግድ እስትንፋስ ይማራል። በኃይሉ የኦርጋን ሐረጎች መጨረሻ ላይ የምሰማው ይህንን ትንፋሽ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት ኃይሉ እዚያው ቀረ፤ በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አዋሕዶ ቀረጸ፤ ለዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳም ኪቦርዱ ከመኪናው አይለይም ነበር፤ በ2018ም «ላላ በሉ»ን አወጣ። ከውጭ የመጣ ሐረግ የተማረ ሰው የራሱን ይረሳል የሚለው ሥጋት በዚህ ሰው ላይ አልተፈጸመም።

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። እኛ ኦርጋን የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርድ ነው፤ የድምፁን ቀለም የሚቀይሩት የሃሞንድ መሳቢያዎችም፣ ድምፁን እያሽከረከረ የሚበትነው ሌስሊ ማጉያም የሉትም። እውነት ነው። ነገር ግን እዚህ የምንነጋገርበት ነገር በርካሹም ይሠራል። የኦርጋን ድምፅ ተመርጦ ቁልፉ የጣትን ጉልበት እንዲሰማ የሚያደርገው ማስተካከያ ካለው ይጥፋ፤ ያኔ ተማሪው የሚተማመንበት የቀረው አነሣሡ ብቻ ነው። የሌስሊን መሽከርከር የሚያስመስል ድምፅ ካለው ሊኩ እስኪያልቅ በዝግታ ይዙር፣ የመጨረሻው ረጅም ኖታ ላይ ይፍጠን። ግራ እጅ ኮርዱን ይዞ አይተኛ፤ ፒያኖ ላይ የተያዘ ኮርድ በራሱ ይከስማል፣ ኦርጋን ላይ ግን ተጭነው እስከያዙት ድረስ የቀኙን ሊክ ይሸፍነዋል። ፍጥነት ይቅደም፣ አነሣሥ በኋላ ይታረማል የሚሉም አሉ። በፍጥነት የለመደ የተኛ ጣት ግን በኋላ አይነቃም፤ ፍጥነቱ ራሱ ስሕተቱን ይሸፍነዋልና።

በጉለሌም ሆነ በሌላ ሰፈር ኪቦርድ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ይህን አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ለሚቀጥለው ተማሪያችሁ ሁለት ባር የምትሞላ አንዲት ሊክ ምረጡና መሣሪያውን ሳትከፍቱ በአፋችሁ አዚሙለት፤ እሱም ትንፋሽ የምትወስዱበትን ቦታ ሳይስት እስኪመልስላችሁ ድረስ አዚሙ። ኪቦርዱን ከዚያ በኋላ ክፈቱት።