የካናዳ የጤና መሥሪያ ቤትና ከኬቤክ ውጭ ያሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች

ከኬቤክ ውጭ የሚኖሩት የካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች አንድ ሚሊዮን ያህል ናቸው። የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት እነዚህን ማኅበረሰቦች በተለይ በሁለት መንገድ ይረዳል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ለተመሠረተው «ሶሲዬቴ ሳንቴ አን ፍራንሴ» ለተባለው ማኅበርና በየጠቅላይ ግዛቱ ላሉት ተባባሪዎቹ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሐኪሞችና አስታማሚዎችም በፈረንሳይኛ እንዲሠለጥኑ ይከፍላል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን የሆስፒታል አስተዳደር የጠቅላይ ግዛቶቹ ሥልጣን ስለ ሆነ፥ የሠለጠነው ሐኪም በሽተኛውን በየትኛው ቋንቋ እንዲያነጋግር መሥሪያ ቤቱ ሊያዝ አይችልም። የ1984ቱ የካናዳ የጤና ሕግም ለጠቅላይ ግዛቶቹ ገንዘብ የሚሰጥባቸውን አምስት ግዴታዎች ሲዘረዝር ቋንቋን ከእነርሱ መካከል አላገባም። እርግጥ ከሕዝቡ ብዙው እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ነገር ግን ቍርጠትን ከውጋት ለይቶ ማስረዳት ኋላ በተማሩት ቋንቋ አይቀናም።

ገንዘብ ያለ ሕግ የቱን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ለመረዳት በኦታዋ ያለውን የሞንፎርን ሆስፒታል ታሪክ መመልከት ይበቃል። በ1997 የኦንታሪዮ ኮሚሲዮን ሆስፒታሉ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ፤ ኋላም አገልግሎቱ እንዲቀነስ አዘዘ። ያዳነውም የሕዝቡ ሰልፍና በ2001 የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ነው። ዳኞቹ ሆስፒታሉ ሕክምና ከመስጠቱ በላይ ሐኪሞች በፈረንሳይኛ የሚሠለጥኑበትና ማኅበረሰቡ ማንነቱን የሚጠብቅበት ቦታ መሆኑን ተቀብለዋል።