ዩራኒየም ቢወደድ መብራቱስ?

ጳጉሜ 2017 የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ መንግሥት የኑክሌር ጣቢያ ሊሠራ ማሰቡን ካሳወቀ ወዲህ አንድ ሙግት ይሰማል፦ የግልገል ጊቤ ውሃ በነጻ ይፈሳል፤ ዩራኒየም ግን በዶላር ይገዛል፤ እሱ ሲንር የመንደራ ቆጪ ነዋሪ የመብራት ሒሳብም አብሮ ይንራል። መናሩስ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ፓውንዱ 20 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በጥር 2024 ከ100 አልፏል። ድምዳሜው ግን አያስኬድም።

እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ የበለጸገ ነዳጅ 9 ኪሎ የሚጠጋ የዩራኒየም ኦክሳይድ ይፈልጋል፤ 360,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል። ፓውንዱ 20 ዶላር ሲሆን በኪሎዋት ሰዓት የሚደርሰው 0.1 የአሜሪካ ሳንቲም፣ 100 ሲገባ 0.5 ሳንቲም ገደማ ነው (ማበልጸጊያው ለብቻ)። አምስት እጥፍ ተወዶ ልዩነቱ ግማሽ ሳንቲም እንኳ አይሞላም! የጅማ ጥሬ ቡና ቢወደድ ሮም ላይ ስኒው በዚያው ልክ አይወደድም፤ እዚያ ኪራዩና ደሞዙ ይበልጣል።

የኑክሌር ኪራይ ብድሩ ነው። ግብፅ ለኤል ዳባ ጣቢያ ከሩሲያ 25 ቢሊዮን ዶላር በ3 በመቶ ወለድ ተዋውላለች። ሙሉው ሲወሰድ ወለዱ ብቻ በዓመት 750 ሚሊዮን ይሆናል፤ ሥራው ቢጓተትም መቁጠሩን አይተውም። አራቱም ሪአክተሮች ሲሠሩ የሚበሉት ዩራኒየም፣ በ100 ዶላሩ ዋጋ እንኳ፣ በዓመት 200 ሚሊዮን ገደማ ነው።