ሁለት ሦስተኛው ከስንት ነው?

የኬንያ ሕገ መንግሥት 18 ምዕራፍና 264 አንቀጽ አለው። አንቀጽ 145 ሰባት ንዑስ አንቀጾች ብቻ ናቸው፤ ሲታተም አንድ ገጽ ይበቃዋል። ሥራው ፕሬዚዳንትን ከስሶ ከሥልጣን ማንሣት ነው። ናይሮቢ ውስጥ «ታሪክና መንግሥት» ለሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን አንቀጽ ማስተማር የሚሻለው እርሳስና ወረቀት አስይዞ ነው። ስለ ዴሞክራሲ የሚሰጠው ስብከት ይቆይ። የሠሪዎቹ ብልሃት ያለው ቁጥሮቹ ላይ ነው።

አንድ የብሔራዊ ምክር ቤት አባል ሞሽን (የውሳኔ ሐሳብ) ያቀርባል። ብቻውን ግን አይችልም፤ ከጠቅላላው አባላት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ሊደግፉት ይገባል። ምክንያቱም ከሦስቱ አንዱ መሆን አለበት፦ ሕገ መንግሥቱን ወይም ሌላ ሕግ በከባድ ሁኔታ መጣስ፣ በአገር ወይም በዓለም አቀፍ ሕግ ወንጀል ለመሥራቱ ጽኑ ምክንያት መኖሩ፣ ወይም ከባድ የሥነ ምግባር ጉድለት። ከዚያ ሞሽኑ ምክር ቤቱን እንዲያልፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል።

ሁለት ሦስተኛው ከስንት ነው? ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። 290 አባላት ከምርጫ ክልል ይመጣሉ። 47 ሴቶች ከ47ቱ ካውንቲዎች ይመረጣሉ። 12 አባላትን ፓርቲዎች ይሰይማሉ። አፈ ጉባኤው ሲጨመር 350 ይሆናል። አብዛኛው ተማሪ 350ን ይዞ ያሰላና 234 ይላል። መልሱ 233 ነው። አንቀጽ 122 አፈ ጉባኤው ድምፅ እንደሌለው፣ ለድምፅ ጉዳይ ሲቆጠርም ከአባላቱ እንደማይደመር ይናገራል። ስለዚህ ታህቱ 349 ነው። ክሱን በኋላ የሚዳኘው ሴኔትም እንደዚያው ነው፦ 47 የተመረጡ፣ 16 የተሰየሙ ሴቶች፣ 2 ወጣቶች፣ 2 አካል ጉዳተኞች፣ ድምር 67፤ ሁለት ሦስተኛው 45። አፈ ጉባኤውን የደመረ 46 ያገኛል። በሁለቱም ቤት ስሕተቱ የአንድ ሰው ነው። መሶብ የምትሰፋ ሴት የክዳኑን አፍ በአንድ ዙር ብታሳስተው ወይ አይገባም ወይ ይላላል።

የአንድ ሰው ልዩነት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ ዋሽንግተን መሄድ ይጠቅማል። (ዘመኑ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በ1868 የአሜሪካ ሴኔት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን ዳኘ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ጠቡ የተሸነፉትን የደቡብ ግዛቶች እንዴት መልሶ ማቋቋም ይገባል የሚል ነበር፤ ክሱን ያስነሣው ደግሞ የጦር ሚኒስትሩ የኤድዊን ስታንተን መባረር። በዚያን ጊዜ አሜሪካ 37 ግዛት ነበራት። ከደቡቦቹ አሥሩ ገና ወደ ኮንግረሱ አልተመለሱም። ስለዚህ ሴኔቱ ውስጥ የ27 ግዛቶች 54 ሰዎች ተቀመጡ። ሁለት ሦስተኛው 36 ነው። 35 ሰዎች «ጥፋተኛ» አሉ፣ 19 «አይደለም» አሉ። ጆንሰን በአንድ ድምፅ ተረፈ። ታህቱን ራሱን ጦርነቱ እንዳሳነሰው ተማሪው ሳይነገረው ያየዋል።

አሁን ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። የአሜሪካው የሚቆጥረው በአዳራሹ የተገኙትን ነው። የኬንያው ጠቅላላውን ይቆጥራል፤ የተገኘም ያልተገኘም ከታህቱ አይወጣም። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የአዮዋው ሴናተር ጄምስ ግራይምስ ከድምፁ ጥቂት ቀን በፊት ስትሮክ መትቶት ነበር። በሰው ድጋፍ ገብቶ «ጥፋተኛ አይደለም» አለ። እሱ ቢቀር የተገኙት 53፣ የሚያስፈልገው ያው 36 ነበር። ከዚያው ወገን አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ቢቀር ግን 52 ይሆናሉ፣ 35 ድምፅ ይበቃል፣ ጆንሰን ይወርዳል። በኬንያው አሠራር የሁለት ሰው ሕመም ምንም አይለውጥም፤ የቀረ ሰው እንደተቃወመ ይቆጠራል። ሸክሙ የተጫነው ማንሣት በሚፈልገው ወገን ላይ ነው። ይህ ሂሳብ አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ በእኔ ግምት ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

ሌላው የሚያምር መጋጠሚያ ስለ ወራሹ ነው። በ1868 ምክትል ፕሬዚዳንት አልነበረም። ጆንሰን ቢወርድ ሥልጣኑን የሚይዘው የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ዌድ ነበር። ዌድ ተነሥቶ «ጥፋተኛ» ሲል ለራሱ ድምፅ እንደመስጠት ነው። በኬንያ ወራሹ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው፤ እሱ ደግሞ የፓርላማ አባል አይደለም። ምክትሉ ከሌለ የብሔራዊ ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ተጠባባቂ ይሆናል፣ ምርጫም በ60 ቀን ውስጥ ይደረጋል። እሱም በአንቀጽ 122 ድምፅ የተነፈገው ሰው ነው። ይህን ውርስ የሚደነግገው አንቀጽ 146 ከአንቀጽ 122 ጋር በስም አይጠቃቀስም። ይገጥማል ብቻ። ምክትል ማጣት ደግሞ ተረት አይደለም። የናይሮቢ ካውንቲ ገዥ ማይክ ሶንኮ በዲሴምበር 2020 በሴኔት ሲነሣ ምክትል አልነበረውም፤ ወንበሩን የያዘው የካውንቲው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ቤንሰን ሙቱራ ነበር።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ቀኖቹ። ብሔራዊ ምክር ቤቱ ሞሽኑን ካጸደቀ አፈ ጉባኤው ለሴኔቱ አቻው በ2 ቀን ውስጥ ያሳውቃል። የሴኔቱ አፈ ጉባኤ በ7 ቀን ውስጥ ሴኔቱን ክሱን እንዲሰማ ይጠራል። ሴኔቱ ከፈለገ 11 አባላት ያሉት ልዩ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ኮሚቴው በ10 ቀን ይመረምራል። ክሱ አልተረጋገጠም ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ተረጋግጧል ካለ ፕሬዚዳንቱ ይደመጣል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ከክሶቹ አንዱ ብቻ 45 ድምፅ ካገኘ በቂ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ፕሬዚዳንቱ ሥራው ላይ ይቆያል። አገሪቱ አንድም ቀን ባዶ ወንበር አታይም።

ይህን ጥንቃቄ የወለደው ፍርሃት ነው። ከዲሴምበር 2007 ምርጫ በኋላ በተነሣው ብጥብጥ፣ ብጥብጡን በመረመረው የዋኪ ኮሚሽን ሪፖርት መሠረት 1,133 ሰዎች ተገድለዋል። የእርስ በርስ ጦርነት ብሎ የሚጠራው ጥቂት ነው፤ ወደዚያ እየሄደ እንደነበር ግን የሚክድ የለም። በኮፊ አናን ሽምግልና የምርጫው ተፎካካሪዎች ምዋይ ኪባኪና ራይላ ኦዲንጋ በፌብሩዋሪ 28፣ 2008 ተፈራረሙ። ከተስማሙባቸው ጉዳዮች አንዱ አዲስ ሕገ መንግሥት ነበር። በ2010 መጀመሪያ የፓርላማው ኮሚቴ ናይቫሻ ላይ ተሰብስቦ ረቂቁ ውስጥ የነበረውን የጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን አወጣው። የጠቅላይ ሚኒስትር ሥርዓት የመተማመኛ ድምፅ አለው፤ የፕሬዚዳንት ሥርዓት የለውም። ስለዚህ መሪን በመሀል የማንሣት ጭነት በክስ አንቀጹ ላይ አረፈ። ከ1966 ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው ሴኔትም ዳኛ ሆኖ ተመለሰ። ሕዝቡ ኦገስት 4 ድምፅ ሰጠ። ሰነዱ ኦገስት 27 ኡሁሩ ፓርክ ላይ ታወጀ።

ናይሮቢ ያለ ኢትዮጵያዊ መምህር ሌላ ሰነድ ከጎኑ ማስቀመጥ ይችላል። የትግራይን ጦርነት ለማቆም በኖቬምበር 2፣ 2022 የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በቀን የተሠራ ነው፦ አዛዦች በ5 ቀን ይገናኙ፣ አጠቃላዩ ትጥቅ መፍታት በ30 ቀን ይለቅ። አዛዦቹ በአምስተኛው ቀን ናይሮቢ ተገናኙ። ኖቬምበር 12 የመከላከያው ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና የትግራይ ኃይሎቹ ጄኔራል ታደሰ ወረደ የናይሮቢውን ሰነድ ፈረሙ። እዚህ ላይ የቀን ሥራው ተለወጠ። ከባድ መሣሪያ የሚፈታው የውጭና ከመከላከያ ውጭ ያሉ ኃይሎች ከክልሉ ከሚወጡበት ጋር እኩል እንዲሆን ተደረገ። አንዱ እርምጃ ሌላውን ይጠብቃል። ልዩነቱን ለማሳየት ሁለት ወረቀት ብቻ ይበቃል፤ አንዱ ላይ ቀን መቁጠሪያ፣ አንዱ ላይ ቅደም ተከተል መሳል ነው። የአንቀጽ 145 ቀኖች ግን ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ይሮጣሉ። በሰላም ጊዜ የሚሠራ ሕግ እንዲህ መቁረጥ ይችላል፣ መሣሪያ በሁለት እጅ ባለበት ግን አይቻልም።

አንቀጹ የተፈተነው በ2024 ነው። አንቀጽ 150 የ145ን ሥርዓት ለምክትል ፕሬዚዳንቱም ስለሚያውለው፣ የወቅቱ ምክትል ሪጋቲ ጋቻጉዋ በዚያው ሚዛን ላይ ወጣ። ለሞሽኑ 117 ፊርማ ይበቃ ነበር፤ 291 ተሰበሰበ። ኦክቶበር 8 ብሔራዊ ምክር ቤቱ 282 ለ44 አጸደቀው። ክሶቹ 11 ነበሩ። ሴኔቱ ልዩ ኮሚቴ ትቶ በሙሉ ጉባኤ ሰማ። ኦክቶበር 17 ጋቻጉዋ ሆስፒታል ገብቶ ሳለ ሴኔቱ ቀጠለ፤ ከ11 ክስ 5ቱን አጸና።

እዚህ ላይ ስፌቱ የሚላላበት ቦታ ይታያል። ቁጥሩ ጠንካራ ነው፤ 45ን ማንም አላጠፈውም። ከባድ የሥነ ምግባር ጉድለት የሚለውን ግን የሚለካ ቁጥር የለም፤ የሚለካው 45ቱ ሰው ራሱ ነው። ቀኖቹም የሚወስኑት ጣሪያውን ብቻ ነው። አንቀጽ 149 ፕሬዚዳንቱ አዲስ ምክትል ለማጨት 14 ቀን፣ ምክር ቤቱ ለማጽደቅ 60 ቀን አለው ይላል። ቢያንስ ስንት ቀን ይቆይ የሚል የለም። ኪቱሬ ኪንዲኪ የታጨውም፣ የጸደቀውም በማግስቱ ኦክቶበር 18 ነው። ሥራ መጀመሩ የዘገየው ፍርድ ቤት እግድ ስለሰጠ ነበር፤ እግዱ ሲነሣ ኖቬምበር 1 ቃለ መሐላ ፈጸመ። ሕጉ ለማጨትና ለማጽደቅ 74 ቀን ፈቅዶ ነበር፤ የተወሰደው አንድ ነው። የሚቀጥለው ተማሪ ረቂቅ ጸሐፊ ቢሆን የት ላይ አንድ መስመር እንደሚጨምር መጠየቅ ይቻላል። ከአንቀጽ 149 ጀምር እለዋለሁ።