ቅኔና ሙግት፤ «አንድም» የማይባልበት ስፍራ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይሉ ነበር። ስለ ጥንቱ የተጠየቅ ሙግት የሚነገረውን ምስጋና ስንመለከት ግን፥ ከአመስጋኞቹ ብዙዎች ወደ ሥሩ ሳይደርሱ በቅጠሉ የቀሩ ይመስለናል። ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፥ በትሩን ይዞ፥ «በልሃ ልበልሃ» ብሎ ሲነሣ፥ ቃሉንም ቤት እያስመታ ሲያወርደው መስማት ደስ እንደሚያሰኝ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሙግት በጆሮ ብቻ የሚመዘን አይደለምና፥ የዚህን ጥበብ ብርታቱንና ጉድለቱን ለይቶ ማሳየት ይገባል።

ብርታቱ በጥያቄው ላይ ነበረ። ጠያቂው «ተጠየቅ» ባለ ጊዜ ተጠያቂው ከተጠየቀው ነገር ሳይወጣ ወይ አምኖ ወይ ክዶ መመለስ ነበረበት። የካደ እንደ ሆነ ውርርድ ይገባል፥ ዋስ ይጠራል፥ ምስክር ይቆጠራል። እንዲህ እየሆነ ነገሩ ደረጃ በደረጃ ይጠብና ሁለቱ የሚለያዩበት አንድ ነጥብ ብቻ ይቀራል። በመንገድ ሲያልፍ ለዳኝነት የተለመነ ሰው እንኳ ይህን አካሄድ ያውቅ ነበርና፥ መጽሐፍ ያልተማረው ሕዝብ አመክንዮን የተማረው በዚህ ጉባኤ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ጉድለቱ ደግሞ ምሳሌ በማስረጃ ስፍራ በገባ ጊዜ ይታይ ነበር። «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» መባሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ብርሌ ጠጁን ያሳያል እንጂ ራሱ ጠጅ ሊሆን አይችልም። አንደበቱ የሰላ ሰው ባማረ ምሳሌ ሸንጎውን ባሳቀ ጊዜ፥ አንደበቱ የታሰረው ድኃ እውነቱን በሆዱ እንደ ያዘ ይመለስ ነበር። ውርርዱም ቢሆን በቅሎ ላለውና ለሌለው እኩል አይከብድም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ምሬት ከእንዲህ ያለው ሰው አፍ የወጣ ይመስለናል።

በዚህ ነገር እኛ የቅኔ ቤት ልጆችም ራሳችንን ልንመረምር ይገባል። በጎጃም ምድር፥ በዋሸራም ሆነ በሌላው ጉባኤ፥ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የምንለማመደው አንዱ ቃል ሰምም ወርቅም እንዲሸከም ማድረግን ነው። መጻሕፍትንም ስንተረጕም «አንድም» እያልን ምሥጢር በምሥጢር ላይ እንጨምራለን፤ ትርጓሜዎቹ ጎን ለጎን ይኖራሉ፥ አንዱ ሁለተኛውን አያባርርም። ዳኛ ግን ይህ ሀብት አልተሰጠውም። ሁለት ትርጓሜ ቢሰማም በአንዱ ይፈርዳል፤ ሁለተኛውንም ስለ ምን እንደ ተወው ምክንያቱን መግለጥ አለበት።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን በግልጥ ያሳየናል። በቁጥር 1733 የውል ቃል ግልጥ በሆነ ጊዜ ዳኛው ከቃሉ ርቆ የተዋዋዮቹን አሳብ በትርጓሜ እንዳይፈልግ ይከለክለዋል፤ ይኸውም ሰሙ ከበቃ ወርቅ አትቆፍር እንደ ማለት ነው። በቁጥር 1737 ደግሞ ሁለት ትርጓሜ ያለው ቃል ቢገኝ፥ ውሉን ፍሬ ቢስ ከሚያደርገው ይልቅ ውጤት የሚሰጠው ትርጓሜ እንዲያዝ ያዝዛል።

ለምሳሌ በአዊ አገር፥ በፋግታ ለኮማና በባንጃ፥ ገበሬው ለከሰል የሚያለማውን ዲከረንስ የተባለውን ግራር እንውሰድ። አንድ ሰው «ዲከረንሴን ሸጬለታለሁ» ብሎ ቢፈርም፥ ሻጩ «ዛፉን ብቻ ነው» ቢል፥ ገዢው ግን «ዛፉ የቆመበትን መሬት ጭምር ነው» ቢል፥ ቃሉ ኅብር ሆነ ማለት ነው። የጥንቱ ተሟጋች ለሁለቱም ወገን ያማረ ምሳሌ አያጣም። አመክንዮ ግን እንዲህ ይሄዳል፦ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ የገዢው ትርጓሜ ውሉን መሬት መሸጫ ያደርገዋል፤ እንግዲያስ ውሉን ያፈርሰዋል፤ የሻጩ ትርጓሜ ግን ያቆመዋል፤ ስለዚህ የሻጩ ይጸናል። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው ተነሥቶ ስለሚሄድ፥ የተረታው ሰው እንኳ በምን እንደ ተረታ ያውቃል።

በወንጀል ነገርማ ጥንቃቄው ይበልጣል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 2 በሕግ ያልተደነገገውን ድርጊት ከተደነገገው ጋር በማመሳሰል ወንጀል ማድረግን ለዳኛ ከልክሏል። ለባለ ቅኔ ሙያ የሆነው ይህን በዚያ መመሰል በዚህ ስፍራ የሰውን ነጻነት ያጠፋልና ነው።

ይህን ስንል የዛሬው ክርክር ከነቀፋ የጸዳ ነው ማለታችን አይደለም። ሙግት በጽሑፍ ከሆነ ወዲህ፥ መጻፍ የማይችለው ባላገር ነገሩን በሌላ ሰው እጅ ያስጽፋል፤ ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ ለሁሉ የሚሆን አንድ ዓይነት ቃል ደርድሮ የተጠየቀውን ሳይመልስ ገጹን ይሞላል። የጥንቱ «ተጠየቅ» ይህን አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ከአባቶች ሙግት ልንወርሰው የሚገባን ቤት መምታቱን ሳይሆን ጠይቆ ማስመለሱን ነው።

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው አስቀድሞ ግራ ቀኙ የሚለያዩበትን ነጥብ እንዲይዝ ያዝዛል፤ ስሙንም «ጭብጥ» ይለዋል። ጭብጥና የድኃው ጭብጦ ከአንድ ግስ፥ «ጨበጠ» ከሚለው፥ የወጡ ናቸው። ዳኛ ጭብጡን ከእጁ የለቀቀ እንደ ሆነ ድኃው ጭብጦውን ያጣል።